ልጅ ሰው መሃል እሪ ሲል፦ ከቤት ከመውጣት እስከ ማታ ያለው ዝርዝር መመሪያ

ከመገናኛ ወደ 4 ኪሎ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነን። ልጄ ያኔ ሦስት ዓመት ከምናምኑ ነው፤ ጭኔ ላይ ተቀምጧል። ረዳቱ "ሒሳብ!" አለ፣ ከፈልኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው። ለካ ልጁ ብሩን በገዛ እጁ ለረዳቱ መስጠት አምሮት ኖሯል። "እኔ ልስጥ! እኔ ልስጥ!" ሲል "ተከፍሏል እኮ፣ ሌላ ቀን ትሰጣለህ" አልኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ጀርባውን ለጥጦ ከጭኔ ሊንሸራተት ታገለ፣ የፊተኛውን ወንበር በእግሩ ይደልቀው ጀመር፣ አንድ እግር ጫማው ወልቆ የሰው እግር ሥር ገባ፣ ጩኸቱ ከሬዲዮው በላይ ሆነ።

ከኋላ አንዱ "አንዴ በጥፊ ብትለው እኮ ዝም ይላል" አለ። አጠገቤ ያሉት እናት ቦርሳቸው ውስጥ ከረሜላ ይፈልጋሉ። ሾፌሩ በስፖኪዮ አየኝ። እኔም ሰው እንዳያይ አድርጌ ጭኑን ቆነጠጥኩት። ጩኸቱ እጥፍ ሆነ።

ማታ ሳስበው የገባኝ ነገር ቢኖር የቆነጠጥኩት ለልጁ ብዬ እንዳልነበረ ነው። ለተሳፋሪው ብዬ ነው። ያው ልጅ ያንኑ ለቅሶ ሳሎን ውስጥ ቢያለቅሰው ሻዬን እየጠጣሁ እጠብቀው ነበር። ሰው መሃል ስንሆን ሁለት ነገር ባንዴ ይጫነናል፤ የልጁ ንዴትና የራሳችን ይሉኝታ። የልጁ ንዴት በደቂቃዎች ያልፋል። እጃችንን የሚያስነሳን፣ ወይም "እሺ በቃ፣ እንካ!" የሚያሰኘን ይሉኝታው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ፊታችሁን ከሰዉ ወደ ልጁ እንድትመልሱ የሚረዳ ነው።

መጀመሪያ ለቅሶውን ለዩት

ከ1 ዓመት ገደማ እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ እንዲህ ያለው እሪታ የእድገት አካል ነው፤ 2 እና 3 ዓመት ላይ ይብሳል። የልጁ ፍላጎት ከአፉ ቀድሞ ስለሚያድግ የሚፈልገውን ያውቃል፣ መናገሪያው ግን ገና ነው። ስሜትን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ ሙሉ በሙሉ የሚበስለው ሃያዎቹ ከተጋመሱ በኋላ ነው። ስለዚህ "ሆን ብሎ ሊያዋርደኝ ነው" የሚለውን ሐሳብ ከወዲሁ ጣሉት፤ የሦስት ዓመት ልጅ ይህን ያህል ፖለቲካ አያውቅም።

ቢሆንም ለቅሶው ሁሉ አንድ አይደለም። አንደኛው የልመና ለቅሶ ነው፦ እያለቀሰ በዓይኑ ሰርቆ ያያችኋል፣ መልሳችሁን ይጠብቃል፣ ብስኩቱ ሲሰጠው ባንዴ ይደርቃል። ሁለተኛው ሞልቶ የፈሰሰ ለቅሶ ነው፦ የለመነውን ብትሰጡት እንኳ ይወረውረዋል፣ አያያችሁም፣ አይሰማችሁም። ደክሞታል፣ ርቦታል፣ ወይም ጫጫታው በዝቶበታል። በልመናው ለቅሶ የሚደረገው የለመነውን አለመስጠት፣ ለለቅሶው ዋጋ አለመክፈል ነው። ሞልቶ ለፈሰሰበት ልጅ ደግሞ ጸጥ ያለ ቦታና የእናንተ አጠገቡ መሆን ያስፈልገዋል። አስቸጋሪው አንደኛው ሲቆይ ሁለተኛውን መሆኑ ነው፤ በልመና የጀመረ ልጅ አምስት ደቂቃ ካለቀሰ በኋላ ምን እንደለመነ ራሱም ይረሳዋል።

ከቤት ሳትወጡ

እኔ እንደማየው ከሥራው አብዛኛው እዚህ ነው። ሰው ግን ሱቅ ውስጥ ምን ልበል ብሎ ይጠይቃል እንጂ ከቤት በስንት ሰዓት ልውጣ ብሎ አይጠይቅም።

እንቅልፉን ቁጠሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት 1 እና 2 ዓመት የሆነው ልጅ በቀንና ሌሊት ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ 3 እና 4 ዓመት የሆነው ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት፤ የቀኑም ሸለብታ ተቆጥሮ ማለት ነው። ከምሳ በኋላ የሚተኛን ልጅ 8 ሰዓት ላይ ባንክ ወረፋ ላይ አቁሞ ጨዋነት መጠበቅ ግፍ ነው። ሠርግም እንደዚያው። ምሽት 3 ሰዓት ላይ ሙዚቃ መሃል የሚንደባለለው ሕፃን ባለጌ ሆኖ አይደለም፣ መኝታው አልፎበት ነው። ሙሽሮቹን ስማችሁ፣ በልታችሁ፣ ቶሎ ውጡ፤ የሚቀየም ዘመድ ከኖረ ይቀየም።

የሚቀመስ ነገር ያዙ። ሙዝ፣ ዳቦ፣ ውሃ ይበቃል። ቆሎና ለውዝ ግን ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም፤ በተለይ እያለቀሰ ሲበላ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባና ትንፋሹን ሊዘጋው ይችላል።

መንገዱን ንገሩት። "መጀመሪያ ባንክ፣ ቀጥሎ አትክልት፣ ከዚያ አክስትህ ቤት" እያላችሁ በጣቱ አስቆጥሩት። የማይገዛውን ነገር ሱቁ በር ላይ፣ ሳትገቡ ተናገሩ፦ "ዛሬ አሻንጉሊት አንገዛም። ሙዙን ግን አንተ ትመርጣለህ።" አሻንጉሊቱን ካየው በኋላ የሚነገረው "አይሆንም" ሌላ ነው፤ የያዘውን እንደመቀማት ይቆጥረዋል።

ሥራ ስጡት። ሽንኩርት ይቁጠር፣ ፌስታሉን ይያዝ፣ ሒሳብ ይክፈል። እኔ አሁን ታክሲ ከመሳፈራችን በፊት ዝርዝር ብሩን መንገድ ላይ አስጨብጠዋለሁ፤ ላብ በላብ ያደርገዋል እንጂ አይጥለውም። ረዳቱም "አለቃ፣ ሒሳብ!" ሲለው ፊቱን ብታዩት።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ያን ቀን ረዳቱን "ብሩን አንዴ መልስልኝ፣ እሱ ይስጥህ" ብለው መሸነፍ ይሆን ነበር ወይ? አይመስለኝም። ብሩን ማን ቢሰጥ ለኔ ምንም አልነበረም። እሺ ብትሉት የማይጎዳ ነገር ከሆነ ገና በቃል ሲጠይቅ፣ ለቅሶ ሳይጀምር፣ ቶሎ እሺ በሉ። የማይሆን ከሆነ ደግሞ አንዴ "አይሆንም" በሉና እዚያው ርጉ። ልጅን የሚያበላሸው አሥር ጊዜ "አይሆንም" ተብሎ አሥራ አንደኛው እሪታ ላይ የሚመጣው "እሺ" ነው። ያኔ የሚማረው ምን ያህል መጮህ እንዳለበት ነው።

ስለ ለቅሶ ቤት አንድ ነገር ልበል። ትልልቅ ሰዎች ደረት እየመቱ ሲያለቅሱ ማየት ሕፃንን ያስደነግጠዋል። ጎረቤት ጋ መተው ካልተቻለ አስቀድማችሁ "ሰዎች አዝነው ያለቅሳሉ፣ እኔ አጠገብህ ነኝ" በሉትና በር አካባቢ ተቀመጡ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ይሻላል፤ ሕፃን ያላለቀሰበት ቅዳሴ የት አለ?

የመጀመሪያው ደቂቃ

እሪታ ባንዴ አይመጣም፣ ምልክት አለው። የኔ ልጅ ድምፁ ይቀጥናል፣ ከዚያ ጆሮውን ይጎትታል። የናንተው ሌላ ነው፤ ግን አለ፣ አጥኑት።

ምልክቱን ስታዩ ቁጢጥ በሉና ዓይኑ ትይዩ ሁኑ። ከላይ ሆኖ የሚናገር ሰው ለልጅ ግንብ ነው። ድምፃችሁን ከሱ ድምፅ ዝቅ አድርጉ፣ ቃል ቀንሱ። የሚሰማውን እናንተ ተናገሩለት፦ "ብሩን አንተ መስጠት ፈለግህ። ተናደድክ።" በቃ። "ግን እኮ" ብላችሁ አታስከትሉ። "ምን ጎደለብህ?"፣ "ምን አጥቼብህ ነው?"፣ "ሰው እየሳቀብህ ነው" የሚሉትን ዋጧቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መልስ የላቸውም፣ ሦስተኛው ይሉኝታን ገና በሦስት ዓመቱ ማውረስ ነው።

ቀጥላችሁ ሁለት ምርጫ ስጡት፣ ሁለቱም እናንተ የምትቀበሉት ይሁን፦ "በእግርህ ትሄዳለህ ወይስ ልዘልህ?" "ዝም ትላለህ ወይስ ልምታህ?" ምርጫ አይባልም።

ከፈነዳ በኋላ

ምክር እዚህ ያበቃል። እሪ እያለ ላለ ልጅ ማስረዳት ጎርፍ መሃል ቆሞ ስለ ዋና እንደማስተማር ነው። የሚቀራችሁ ልጁን ከአደጋ መጠበቅና እስኪበርድለት መታገስ ነው።

ሱቅ ውስጥ ከሆናችሁ ቅርጫቱን ተዉት። ሒሳብ የምትቀበለዋን "ይቀመጥልኝ፣ እመለሳለሁ" በሉና ልጁን ይዛችሁ ውጡ። ስትሸከሙት ጀርባው ደረታችሁ ላይ ይሁን፣ እጃችሁ በብብቱ ሥር ይለፍ፣ ጭንቅላቱ ደግሞ ከአገጫችሁ ወደ ጎን ይሁን። ፊት ለፊት አቅፌ ከንፈሬን ስላስፈነዳሁ ነው ይህን የምላችሁ።

ለአባቶች ብቻ፦ የሚጮህ ልጅ ተሸክሞ እየፈጠነ የሚሄድ ወንድ ከተማችን ውስጥ ይጠረጠራል፣ ቢጠረጠርም ደግ ነው። እኔን ሁለት ሰዎች መንገድ ዘግተው "ልጁ የማን ነው?" ብለውኛል። አትቆጡ። ቆሙ፣ ልጁን በስሙ ጥሩት፣ ስልካችሁ ላይ ያለውን የቤተሰብ ፎቶ አሳዩ፣ አመስግኑና ሂዱ። ልጄ ጠፍቶ ሌላ ሰው ይዞት ቢሄድ እነዚያ ሰዎች እንዲያስቆሙት ነው የምፈልገው።

ከወጣችሁ በኋላ ጥግ ያዙ፣ ተቀመጡ፣ "እዚህ ነኝ" በሉና ዝም በሉ። ሰዓታችሁን እዩ። ይሄ ቀልድ አይደለም። አብዛኛው እሪታ ከ5 ደቂቃ አያልፍም፣ ለወላጅ ግን ግማሽ ቀን ይመስላል፤ ሰዓቱን ያየ ሰው ይታገሳል። እስከዚያ የራሳችሁን ትንፋሽ አርዝሙ፦ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት። ቢማታ እጁን ያዙና "መምታት የለም" አንዴ በሉ፤ አትደጋግሙት።

ሁለት ነገር አታድርጉ። ስልክ አትስጡት፤ ዝም ያሰኘዋል፣ ነገ ግን ስልኩን ለማግኘት የሚከፈለው ለቅሶ ነው ብሎ ይይዘዋል። "ትቼህ ሄድኩ፣ ቻው" ብላችሁም አትራቁ። መርካቶን በመሰለ ግርግር ውስጥ አሥር እርምጃ መራቅ የእውነት መጥፋት ነው።

የመጀመሪያው ጩኸት ንዴት ነው። እየበረደ ሲሄድ ድምፁ ይለወጥና ሲቃ ይሆናል፣ ትከሻው ይወርዳል። እጁን የሚዘረጋው ያኔ ነው። ያን ጊዜ እቀፉት። ማቀፍ መሸነፍ አይደለም፤ አሻንጉሊቱን አልገዛችሁለትም እኮ።

ታክሲ ውስጥ መውጫ የለም። የሚራገጥ ልጅ ጫማው ይውለቅ፣ የፊት ወንበር ያለውን ሰው "ይቅርታ ወንድሜ፣ ልጁ ተናዶ ነው" በሉት። ካልበረደ "ወራጅ አለ!" ብላችሁ ውረዱና ትንሽ በእግር ሂዱ። ድጋሚ ሒሳብ መክፈል ያንገበግባል፣ አውቃለሁ።

ሰዉስ?

አገራችን ውስጥ የሰው ልጅ የሁሉም ልጅ ነው፣ ይህ ጸጋ ነው፤ ልጃችሁ እሪ ሲል ግን አሥራ ሁለት አሳዳጊ ባንዴ ይነሳል። ለእያንዳንዱ አጭር መልስ ከአሁኑ ይኑራችሁ፣ በዚያ ሰዓት ቃል አይመጣምና።

ከረሜላ ለሚያወጡት እናት፦ "እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ ለበኋላ እይዝለታለሁ።" ተቀብላችሁ ኪስ ውስጥ ክተቱት፤ እሳቸውንም አታስቀይሙም፣ ለቅሶውንም አትከፍሉበትም። "በጥፊ በለው" ለሚለው፦ "አይዞህ ወንድሜ፣ አሁን ይበርድለታል።" ስልክ አውጥቶ ለሚቀርጸው፦ ልጁን በጀርባችሁ ከልሉና "ሕፃን ነው፣ አትቅረጸው" በሉት፤ እዚህ ላይ ጨዋነት ማብዛት አያስፈልግም።

የሚያስቆጣኝ "ፖሊሱ መጣልህ፣ ይወስድሃል!" የሚሉት ናቸው። ሐኪም በመርፌ ይወጋሃል፣ ዘበኛው ያስርሃል፣ አያ ጅቦ ይበላሃል። ልጁ አንድ ቀን ቢጠፋ የሚሮጠው ወደ ማን ነው? ፖሊሱ ጋ እንዲሄድ ከፈለጋችሁ እዚያው በልጁ ፊት "አይ፣ ፖሊስ ልጅ አይወስድም፣ ይረዳል" ብላችሁ አስተካክሉ።

ከባዱ የራስ ሰው ነው። አያት አጠገብ "አይሆንም" ማለት ጦርነት ነው። በዚያ ሰዓት አትከራከሩ፤ ሌላ ቀን፣ ቡና ላይ፣ ልጁ በሌለበት፣ "እማዬ፣ ሲያለቅስ ብር እየሰጠሽ አስቸገርሽኝ፤ ስትፈልጊ ሳያለቅስ ስጪው" በሉ። አማቴ ይህን ከነገርኳት ወዲህ ብሩን ልጁ በር ከፍቶ ሲስማት ትሰጠዋለች። ልጁም ወጥመዱን አግኝቷል፣ በቀን አራቴ ይስማታል።

ስለ ቁንጥጫ

አብዛኞቻችን ቁንጥጫ ቀምሰን፣ አንዳንዶቻችንም በበርበሬ ታጥነን ነው ያደግነው፤ "ምን ሆንን?" የሚል አይጠፋም። እኔ የምለው ከታክሲው የተማርኩትን ነው፦ የሚያለቅስን ልጅ ማሳመም ለለቅሶው ሌላ ምክንያት መጨመር ነው። ዝም ካለም የሚለው ከፍርሃት ነው፣ ንዴቱን መግታት ተምሮ አይደለም። በዚያ ላይ አታማታ እያልነው እየመታነው ነው። ውጭ ያላችሁ ደግሞ ሌላም ነገር አለባችሁ፤ ስዊድን በ1979 እ.ኤ.አ. ከዓለም ቀድማ፣ ጀርመን በ2000 እ.ኤ.አ. ወላጅ ልጁን እንዳይመታ በሕግ ከልክለዋል። እዚያ ያለ ወላጅ ሁለቱንም አጥቶ፣ መምታቱንም ትቶ በምትኩ የሚያደርገውን ሳያውቅ፣ ሱፐርማርኬት መሃል ደርቆ ሲቆም አይቻለሁ። በምትኩ የሚደረገው ከላይ የጻፍኩት ነው።

ከበረደ በኋላ

ውሃ ይጠጣ፣ አፍንጫው ይጠረግ፣ ከዚያ የጀመራችሁትን ጨርሱ። ሱቁ ተመለሱ፣ ቅርጫቱን ውሰዱ፣ ሙዙን ይምረጥ። በየጊዜው አቋርጣችሁ ወደ ቤት ከሄዳችሁ ባንክ የሰለቸው ልጅ መውጫውን ያውቀዋል። መሽቶ ከሆነ ወይም በጣም ከደከመው ግን ወደ ቤት።

ወቀሳውን ማታም አታምጡት። ይልቅ በጨዋታ መልሱት። እኛ ሲኒዎችን ተሳፋሪ፣ ረከቦቱን ታክሲ አድርገን ያን ቀን ደግመን ተጫወትነው። አንዷ ሲኒ እሪ አለች። "ምን እናድርጋት?" ስለው "ብር ስጣት" አለኝ፤ ቀጥሎ "እቀፋት"። በዚያው ለሚቀጥለው ጊዜ የሚሆነውን ቃል አስለመድነው፦ "ተናድጃለሁ" ማለት። ጮኻችሁበት ወይም ቆንጥጣችሁት ከሆነ ደግሞ "ቆነጠጥኩህ፣ ልክ አልነበረም፣ ይቅርታ" በሉት። ወላጅነታችሁ አይቀንስም።

ለለቅሶ መክፈል ስታቆሙ መጀመሪያ ይብስበታል። ድሮ በሁለት ደቂቃ ያገኘውን ስላጣው አምስት፣ አሥር ደቂቃ ይሞክራል። ብዙ ሰው "አልሠራም" ብሎ የሚተወው እዚህ ጋ ነው። በዚህ ጊዜ እጅ መስጠት ከቀድሞው የባሰ ነው፤ አሁን የአሥር ደቂቃውን ዋጋ አስተማራችሁት ማለት ነው።

መቼ ወደ ባለሙያ?

እሪታው በአብዛኛው ከ25 ደቂቃ በላይ የሚቆይ ከሆነ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ፣ ራሱን የሚነክስ ወይም ጭንቅላቱን የሚያጋጭ ከሆነ፣ 5 ዓመት አልፎትም ካልቀነሰ ሐኪም ይየው። በስሙ ሲጠሩት የማይዞር፣ የለመደውን ቃል የተወ፣ በድምፅ ብዛት ጆሮውን የሚደፍን ከሆነም አትቆዩ። ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፣ የመስማት ምርመራም ጠይቁ፤ ሳይሰማ "አይታዘዝም" እየተባለ የሚቆጣ ልጅ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የሚሠራው ጆይ ማዕከል አለ፤ የመሠረቱት ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው፣ በ2002 እ.ኤ.አ.። "ሰው በላው" ብሎ ጠበል የሚወስድ ቤተሰብ ካለ አትጣሉ፤ ጠበሉ ምርመራውን እንዳያዘገየው ብቻ ጠብቁ።

ከመሄዳችሁ በፊት ለሁለት ሳምንት ደብተር ላይ መዝግቡ፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የት እንደነበራችሁ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደበላና ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ በምን እንደበረደ። ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው። እኔ መዝግቤ ሐኪም ዘንድ ሳልደርስ ቀረሁ። ከ11ዱ እሪታ 8ቱ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ ከመክሰስ በፊት የሆኑ ነበሩ። ገበያውን ወደ ቅዳሜ ጠዋት አዛወርነው።